የግራ አውራ ጣት ነገር

ከገዳሪፍ በስተምሥራቅ፣ ወደ ኢትዮጵያ ድንበር ሲኬድ፣ ቁረይሻ የሚባል አገር አለ። ሜዳው ጥቁር አፈር ነው፤ ክረምት ሲገባ የመኪና ጎማ ይውጣል፣ በጋ ሲሆን እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። የሚዘራበት ሰሊጥና ማሽላ ነው። ከመተማ፣ ከቋራና ከአርማጭሆ የሚሻገር ወጣት ጥቅምት ላይ እዚያ የሚገኘው ሰሊጥ ለማጨድ ነው፤ እኔም የሄድኩት ለዚሁ ነበር። ዛሬ ግን ስለዚያ አገር ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ቫዮሊን ነው። እነሱ ከመንጃ ይሉታል። ላወራችሁ የፈለግኩትም ቫዮሊን ስለሚይዝ እጅ ነው። አውራ ጣት እዚህ ሆነ እዚያ፣ አንጓ ታጠፈ ቀና፣ ለብዙ ሰው ትንሽ ነገር ይመስላል። እኔን ግን ግራ እጄን ሊያሳጣኝ የደረሰ ነገር ነው።

ሱዳኖች ቫዮሊንን የራሳቸው አድርገውታል። ሬድዮ ኡምዱርማን በ1940 እ.ኤ.አ. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የታላላቅ ዘፋኞቻቸው ድምፅ አገሩን ያዳረሰው በቫዮሊን ታጅቦ ነው። ሰይድ ኸሊፋን ወይም መሐመድ ወርዲን የሰማ ሰው ያውቀዋል፤ ዘፋኙ ዝም ሲል ቫዮሊኖቹ ዜማውን ተቀብለው አንድ ላይ ይዘውት ይሄዳሉ፤ አንዳንዴ የእነሱ ጉዞ ከዘፈኑ ይረዝማል። ዜማቸው እንደ እኛው በአምስት ድምፅ የተቃኘ ስለሆነ ለጆሯችን ባዳ አይሆንም። መተማ ዮሐንስ ያደገ ልጅ የግጥሙን ፍቺ ሳያውቅ ዜማውን እያንጎራጎረ ከብት ይነዳል። እኔ ከነዚያ ልጆች አንዱ ነበርኩ።

ቁረይሻ ስደርስ እጄ ባዶ አልነበረም። አጎቴ አዝማሪ ነበርና ማሲንቆ ከሱ ለምጃለሁ። ማሲንቆ የራሱ አያያዝ አለው። ተጫዋቹ ተቀምጦ በቆዳ የተለበጠውን ሳጥን በጭኖቹ መካከል ያቅፋል፤ ከፈረስ ጭራ የተሠራችው አንዲት ክር ከእንጨቱ ራቅ ብላ ትወጠራለች። ጣት ክሯን እስከ እንጨቱ አይጫናትም፤ ነካ፣ ገፋ ያደርጋታል፤ ድምፁ የሚለወጠው በዚያ ብቻ ነው። ጎንደር አካባቢ እንደ ቡርባክስ ባሉ የአዝማሪ ቀዬዎች ልጅ ይህን የሚማረው ከአባቱ ወይም ከአጎቱ ጎን ተቀምጦ ነው። እጅህን እንዲህ አድርግ የሚለው የለም። ዓይኑ ያያል፣ እጁ ይከተላል፤ የሚያየው እጅ ትክክል ስለሆነም ትምህርቱ አይሳሳትም።

ከማሲንቆው በላይ እጄን የገራው ግን ማጭድ ነው። ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም፤ ደርቆ ከተከፈተ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ አጫጁ ጎህ ሳይቀድ ይነሣል፣ ቀኑን ሙሉ ማጭዱን ጨብጦ ይውላል፣ ያጨደውን አስሮ ሂላ የሚሉት ክምር እያደረገ ያቆማል። ማታ ላይ ጣቶች አልዘረጋ ይላሉ። ጭብጡ በእንቅልፍም አይፈታም፤ ጠዋት ሻይ ሲጠጡ እንኳ ብርጭቆው እንደ ማጭድ እጀታ ይያዛል። ይህን የምነግራችሁ በኋላ ስለ ቀኝ እጄ ስለማወራ ነው።

አጨዳው ካለቀ በኋላ አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ሚዛን ላይ ሥራ አገኘሁና ቁረይሻ ቀረሁ። ከደመወዜ ያጠራቀምኩትን ይዤ ገዳሪፍ ገበያ ወርጄ አሮጌ ቫዮሊን ከነሳጥኑ ገዛሁ። ወቅቱ ኸሪፍ የሚሉት ክረምታቸው ነበር፤ ሰማዩ ጠቁሯል፣ መንገዱ አፈር ነው። ማሽላ የጫነ መኪና ላይ ከጆንያው አናት ተሳፈርን። ከግማሽ መንገድ በኋላ ዝናቡ ወረደብን፤ መኪናው እስከ አክሱሉ ሰጠመ። ወንዱ ሁሉ ወርዶ ጭቃ ዛቀ፣ እንጨት ቆርጦ ከጎማው ሥር ደለደለ። እኔም ስዝቅና ስገፋ ሳጥኑ ላዩ ላይ ቀርቶ አንድ ጆንያ ተንሸራቶበታል። ሌሊቱን እዚያው አደርን። ቁረይሻ ገብቼ ስከፍተው ክሮቹ ረግበዋል፣ ክር ተሸካሚዋ ድልድይ ወድቃለች፣ ከሆዱ ውስጥ ደግሞ የሆነ ነገር ይንከባለላል።

ያ የሚንከባለለው ነገር የጣት ያህል የማትሞላ ድቡልቡል እንጨት ናት። ከድልድዩ አንድ እግር አጠገብ፣ በሆዱ ውስጥ ቆማ፣ የላይኛውን ጣውላ ከታችኛው ጋር የምታገናኘው እሷ ናት። በሙጫ አትያዝም፤ የሚያቆማት የክሮቹ ጭነት ብቻ ነው። እሷ ወድቃ ሳለ ክር ቢወጠር የላይኛው ጣውላ ሊሰነጠቅ ይችላል። ገዳሪፍ ያለ አንድ ዑድ ጠጋኝ በታጠፈ ሽቦ፣ በላይኛው ጣውላ ቀዳዳ አስገብቶ አቆማት፤ ለዚያ ሥራ ግን መንገዱ እስኪደርቅ መጠበቅ ነበረብኝ። በነገራችን ላይ የዚያ አገር አየር ለቫዮሊን ጠላት ነው። በኸሪፍ መቃኛዎቹ አብጠው አልዞር ይላሉ፤ በበጋ ደርቀው በራሳቸው ይፈታሉ፤ የተቃኘው ሁሉ ቡና እስኪፈላ አይቆይም።

ቀጥሎ የደጋኑ ጭራ ሙጫ ፈለገ። ጎረቤቴ በደስታ ከቤቱ ሮጦ ሱዳን የታወቀችበትን የሐሸብ ሙጫ አመጣልኝ። ያ ሙጫ ግን በውሃ የሚሟሟ፣ ለመጠጥና ለመድኃኒት የሚሆን ነው፤ ጭራውን ሲቀቡት ክሩ ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይዝም። ያዳነኝ ከመተማ ይዤው የመጣሁት ዕጣን ነው። የመተማ ቆላ የዕጣን ዛፍ አገር ነው፤ አጎቴም የማሲንቆውን ደጋን የሚያሸው በዕጣን ነበር። ፈረንጆቹ የሚጠቀሙበት ከጥድ ዛፍ የሚወጣ ሙጫ ይሻላል፤ ሌላ ከሌለ ግን ዕጣን ድምፅ ያወጣል። ያን ቀን ግቢው በቫዮሊን ድምፅና በዕጣን ሽታ ሞላ።

አሁን ወደ እጁ እንምጣ። በሠርግ ላይ የሚጫወት አንድ ሰው በደግነት ሊያሳየኝ ተቀመጠ። ቫዮሊኑን ደረቴ ላይ አስደገፈና ግራ መዳፌን ከአንገቱ ሥር ለጠፈው። «እንዲህ ደግፈው፣ አይወድቅብህም» አለኝ። እሱም የሚይዘው እንደዚያው ነበር። ከዚያ ጣቶቼን ክሮቹ ላይ አኖርኩ፤ የማሲንቆ ጆሮ ስለነበረኝ ዜማው ቶሎ መጣ። በአጭር ጊዜ ውስጥ ትዝታና ባቲ፣ የነሱንም የሠርግ ዘፈኖች መጫወት ጀመርኩ። መጋዘን የሚመጡ ገበሬዎች ሚዛኑ ሥራ ሲፈታ አጫውተን ይሉኝ ነበር። የተሳሳተ አያያዝ አደገኛ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ይሠራል። ዜማ ያወጣል፣ ያስመሰግናል፤ ቢከለክል ኖሮ ሁላችንም ወዲያው እንተወው ነበር።

መዳፍ የቫዮሊኑን አንገት ሲሸከም ምን እንደሚሆን በራሴ እጅ አውቄዋለሁ። አንጓው ወደ ውጭ ይሰበራል። አንጓ ሲሰበር ጣቶች ከላይ በጫፋቸው መውረዳቸው ይቀርና በጎን ይተኛሉ፤ አንዱ ጣት ሁለት ክር ይነካል። ትንሿ ጣት ከቦታዋ ስለምትርቅ ትደርስ ዘንድ መላው እጅ መወጠር አለበት። አውራ ጣትም አንገቱ እንዳይሾልክበት ከሥር ወደ ላይ ይጨምቃል፤ ጣቶቹ ደግሞ ከላይ ወደ ታች ይጨምቃሉ። ጣት የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች አብዛኞቹ ክንድ ላይ ናቸው፤ ከጣት ጋር የሚገናኙት በጅማት ነው፤ እነዚያም ጅማቶች ከነርቭ ጋር በአንጓው ጠባብ መተላለፊያ ያልፋሉ። አንጓው ታጥፎ ጣት እየተጫነ ሰዓታት ሲያልፉ ጅማቱ ይፋተጋል፣ ያብጣል፣ ነርቩም ይጨነቃል። መጀመሪያ ድካም ይመስላል። ቀጥሎ አውራ ጣት ሥር መጥቶ የሚሄድ ውጋት ይሆናል። በመጨረሻ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ መደንዘዝ ይመጣል።

የእኔ የታወቀው በሰው ፊት ነው። ቁረይሻ ውስጥ ትልቅ ሠርግ ነበር፤ ሒና የሚቀቡበት ሌሊት። ከገዳሪፍ የመጣው ቡድን አንድ ቫዮሊን ተጫዋች ጎድሎበት ጠሩኝ። የሱዳን የሠርግ ዘፈን ረጅም ነው፤ ተጀምሮ ቶሎ አያልቅም፤ ሴቶቹ እልል ባሉ ቁጥር ዘፋኙ እንደገና ይመለስበታል። በአንደኛው ዘፈን መካከል የግራ ጣቶቼ ተጣበቁ። ላነሣቸው ብል አልተነሡም፤ አውራ ጣቴ ከአንገቱ ሥር ተቆልፏል፤ ከአንጓዬ እስከ ክርኔ እሳት ይሄዳል። ደጋኑ አንድ ድምፅ ላይ እንደቆመ ቀረ። የኪቦርዱ ተጫዋች አይቶኝ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሸፈነልኝ። ከመድረክ ወርጄ እጄን በሌላው እጄ አላቀቅኩት። ሙሽራው ራሱ መጥቶ ቀዝቃዛ ውሃ አፈሰሰልኝ፤ ያን ሰው መቼም አልረሳውም።

ክሊኒክ ሄድኩ፤ ማስታገሻ ሰጡኝና እጅህን አሳርፍ አሉኝ። ምን ስሠራ እንደሚያመኝ ግን የጠየቀኝ አልነበረም። ማረፉ ሕመሙን ቀነሰው፤ ቫዮሊኑን ባነሣሁ ቁጥር ግን ያው ሕመም ይመለሳል። ቤት ውስጥ ማሲንቆዬን ይዤ ስቀመጥ ምንም አይለኝም። ብዙ ሰው «አንተ የተፈጠርከው ለማሲንቆ ነው፣ ተወው» አለኝ። ምክሩን ለመቀበል ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሣ። ሕዝቡ ቤቱን ጥሎ ሲወጣ ገዳሪፍ ከሞሉት ተፈናቃዮች መካከል ሙዚቀኞችም ነበሩ። ከነሱ አንዱ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ቫዮሊን አስተማሪ፣ ዘመድ ፍለጋ ቁረይሻ ድረስ መጡ። ካርቱም በ1969 እ.ኤ.አ. በተከፈተው የሙዚቃና የድራማ ተቋም የተማሩ ሰው ናቸው፤ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የሰሜን ኮሪያ መምህራን በዚያ ተቋም ያስተምሩ ነበርና አያያዙን ያገኙት ከነሱ ነው። የራሳቸው ቫዮሊን ካርቱም ቀርቷል። እኔ ቫዮሊን እንዳለኝ ሰምተው መጋዘኑ በር ላይ ቆሙ።

«ያ ኡስታዝ፣ ይግቡ» አልኳቸው። አጫውተኝ ይሉኛል ብዬ ሳጥኑን ስከፍት እጃቸውን አነሡ። «በራሓ፣ ያ ወለዲ፤ ቀስ በል ልጄ። ተወው። መጀመሪያ እጅህን አሳየኝ።»

በዓረብኛቸው ቀስ እያሉ ነበር የሚነግሩኝ። ክንዴን ወደ ጎን አንጠልጥዬ እንድለቀው አደረጉኝ፤ ምንም እንዳላንቀሳቅስ። ከዚያ ጣቶቼን እንዳይ አዘዙኝ። ልብ ብላችሁ እዩት፤ ማንም ሰው እጁን ለቆ ሲቆም ጣቶቹ አይዘረጉም፣ አይጨበጡም፤ በራሳቸው ለስለስ ብለው ይጎብጣሉ፣ አውራ ጣትም ከሌባ ጣት ትይዩ ይሆናል። «ይህን ቅርፅ ሳታበላሽ አንሣው» አሉኝ። ሳነሣው ያ ቅርፅ ይጠፋል። እንደገና አወርደዋለሁ፣ እንደገና አነሣዋለሁ። የዚያን ቀን ትምህርት ይኸው ብቻ ነበር፤ ቫዮሊኑ ከሳጥኑ አልወጣም።

ቫዮሊኑ የወጣው በኋላ ነው። ከአንገቴ ሥር ባለው አጥንት ላይ አሳረፉትና በመንጋጋዬ ጎን እንድይዘው አደረጉ። በትከሻዬና በጣውላው መካከል ክፍተት ስለነበር ሻላቸውን አጣጥፈው ሞሉት። «አሁን ግራ እጅህን ልቀቀው።» ለቀቅኩት፤ ቫዮሊኑ አልወደቀም። ግማሽ ኪሎ እንኳ የማይሞላ ነገር መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ እንደ ጆንያ ነበር የተሸከምኩት። እጁ ሸክሙ ሲወርድለት የሚሠራው ሌላ ሥራ ሆነ። አውራ ጣቱ ከሌባ ጣትና ከመሃል ጣት ትይዩ፣ አንገቱን ነካ አድርጎ ብቻ ተቀመጠ። አንጓው ከክንዱ ጋር ቀጥ አለ። ከአንገቱ ሥር፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ባለው ሸለቆ በኩል ብርሃን እንዲታይ አዘዙ፤ ስሳሳት እስክሪብቶ ያስገቡበታል፤ እስክሪብቶው ካላለፈ ከመጀመሪያው እንጀምራለን። ክርኑ ከቫዮሊኑ ሥር ይገባል፤ ወደ ወፍራሙ ክር ስሄድ ይበልጥ ወደ ውስጥ፣ ወደ ቀጭኑ ስመለስ ወደ ውጭ ይወዛወዛል። ያኔ ትንሿ ጣት ያለ ጭንቅ ደረሰች። ቫዮሊን እንደ ጊታር ጣት የሚያቆምበት ምልክት የለውም፤ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ከሳተ ድምፁ ይበላሻል። ጣት ቦታውን የሚያውቀው እጁ ሁልጊዜ ያንኑ ቅርፅ ሲይዝ ነው፤ ቅርፁ በየቀኑ የሚለዋወጥ እጅ በየቀኑ እንደ አዲስ ይፈልጋል።

ከሁሉ የገረመኝ ስለ መጫን ያስተማሩኝ ነው። ጣቴን ክሩ ላይ ሳልጫን አሳርፌ ደጋኑን እንድስብ አደረጉኝ፤ የሚያፏጭ ቀጭን ድምፅ ወጣ። ከዚያ ቀስ በቀስ እንድጫን፣ ድምፁ የጠራ ጊዜ እዚያው ላይ እንድቆም። ለካ የሚያስፈልገው ጫና እኔ ከምጫነው በጣም ያነሰ ነው። ይህን ቶሎ በመያዜ ኡስታዙ ተደንቀው ከየት እንደተማርኩት ጠየቁኝ። ማሲንቆዬን አምጥቼ አሳየኋቸው። ክሯን እየነካኩ ሲያዳምጡ ቆዩና «የዚህ ጣት ትክክል ነው። ያበላሸህ መዳፍህ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ማሲንቆን ትተህ ቫዮሊን ተማር፣ ወይም ቫዮሊንን ትተህ ማሲንቆህን ያዝ የሚል ሰው ሲገጥመኝ አልስማማም። አዲስ አበባ ያለው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሁለቱንም በአንድ ግቢ ያስተምራል፤ ማስተማሩም ልክ ነው።

ቀኝ እጄ ሌላ ጣጣ ነበር። ደጋኑ ስልሳ ግራም ያህል ነው የሚመዝነው፤ እኔ ግን እንደ ማጭድ ነበር የምጨብጠው፤ አውራ ጣቴ ቀጥ ብሎ ደርቋል፣ ትንሿ ጣቴ ወደ ላይ ቆማለች። ከዚህ አያያዝ የሚወጣው ድምፅ ይሰነጠቃል፣ ይንቀጠቀጣል። አውራ ጣት ጎበጥ ብሎ ከመሃል ጣት ትይዩ መሆን አለበት፤ ትንሿ ጣት ደግሞ ጎብጣ በእንጨቱ አናት ላይ ትቀመጣለች፤ የደጋኑን ጫፍ የምታመዛዝነው እሷ ናት። ኡስታዙ ይህን በእስክሪብቶ አለማመዱኝ። መጋዘን ውስጥ ጆንያ እየቆጠርኩ እንኳ እስክሪብቶውን እንደ ደጋን ይዤ እውል ነበር። ጭብጡ እስኪፈታ የፈጀው ጊዜ የግራው እጅ ከፈጀው ይበልጣል። ማጭድ የለመደ፣ መዶሻ የለመደ፣ መሪ የለመደ እጅ ያላችሁ ይህን ታውቁታላችሁ።

አንዳንድ ሰው «አያያዝ እንደ ሰው ነው፣ በሚመችህ ያዝ» ይላል። ይህን አባባል እቃወማለሁ። እውነት ነው፣ የዓለም ሰው ቫዮሊንን በአንድ መንገድ አይዝም። የደቡብ ሕንድ ተጫዋቾች መሬት ላይ ተቀምጠው የቫዮሊኑን ራስ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ያሳርፉታል። ሞሮኮ ውስጥ ጉልበት ላይ አቁመው የሚጫወቱ አሉ። በአውሮፓም ቢሆን የአገጭ ማሳረፊያውን ጀርመናዊው ሉዊ ሽፖር በ1820 እ.ኤ.አ. ገደማ እስኪያመጣ ድረስ አያያዙ ከዛሬው ይለይ ነበር፤ የሞዛርት አባት ሌኦፖልድ ሞዛርት በ1756 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የቫዮሊን ማስተማሪያ መጽሐፍ ስለ አያያዝ በሰፊው ጽፏል። ግን ሕንዳዊው ቁርጭምጭሚቱን፣ ሞሮኳዊው ጉልበቱን፣ ኡስታዙ ትከሻቸውን የሚጠቀሙት ለአንድ ነገር ነው፤ ግራ እጅ ቫዮሊኑን እንዳይሸከም። ይህ የሚመች ሆነ አልሆነ በስሜት የሚለካ ነገር አይደለም። ለእኔ መዳፌን መለጠፍ ይመቸኝ ነበር፤ አንጓዬ እስኪያብጥ ድረስ ተመችቶኛል።

ኡስታዙ ቁረይሻ ብዙ አልቆዩም፤ ከዘመዶቻቸው ጋር ወደ ሌላ ቦታ ሄዱ። እኔም በኋላ ወደ መተማ ተመለስኩ። እጄ አይታመምም። ዜማዎቹን ሁሉ በአዲሱ አያያዝ ከመጀመሪያው መማር ነበረብኝ፤ አሮጌው ልማድ ሲደክመኝ ዛሬም ብቅ ይላል፤ ያኔ ቫዮሊኑን አስቀምጬ ክንዴን አንጠለጥላለሁ። አሁን በድንበሩ ዙሪያ ቫዮሊን የሚያነሡ ልጆች ሳይ የሚያስጨንቀኝ ይኸው ነው። የሚማሩት ከስልክ ነው። ስልክ ጥሩ እጅ ያሳያቸዋል፤ የእነሱን እጅ ግን አያይላቸውም፣ በአንገቱና በመዳፋቸው መካከል እስክሪብቶ አያስገባላቸውም።

ስለዚህ ልጃችሁን ቫዮሊን ልታስጀምሩ ያሰባችሁ ወላጆች፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዜማ አትጠይቁት፣ እንግዳ ፊት አጫውት አትበሉት። እጁን የሚያይለት ሰው ፈልጉለት፤ በሳምንት አንድ ጊዜም ቢሆን ይበቃል። እናንተም ከከተማ ወደ መተማ፣ ወደ ሁመራ፣ ወደ ገዳሪፍ ለሥራ የምትወጡ ሙዚቀኞች፣ አንድ ልጅ ቫዮሊን ይዞ ካያችሁ ቆም ብላችሁ አውራ ጣቱ የት እንዳለ እዩለት። አመመኝ ያለ ልጅ ደግሞ በዚያው ቀን ይቁም፤ ለነገ አይባልም።